ያልተዋሰችው ድስት

ኑኃሚን ያን ቀን ማለዳ፣ ጉሙ ከጓሮው እንሰት ላይ ገና ሳይገለጥ፣ ያልተዋሰችውን ድስት ልትመልስ ወደ እህቷ ቤት መጣች። እንደ ወትሮዋ በጓሮ በር አልገባችም፤ በፊት ለፊቱ ደጃፍ ላይ እንደ ሩቅ ጎረቤት ቆማ «እትዬ» ብላ ተጣራች። ታላቅ እህቷ ብርቄ ግማሽ ፀጉሯን አስራ ግማሹን በማበጠሪያ እንደያዘች ወጣች። ድስቱ በአመድ ተፈትጎ ነጭ ሆኗል፤ የቂጡ ጥላሸት እንኳ ለምልክት አልቀረም። «እንኪ፣ ያንቺ ነው፤ ብዙ ጊዜ አቆየሁብሽ» አለች ኑኃሚን። ብርቄ ድስቱን ታውቀዋለች። ሟቹ የኑኃሚን ባል ኢያሱ ከሺሺንዳ ገበያ ገዝቶ፣ የአውቶቡሱን ጣሪያ አላምንም ብሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ያመጣው፣ መንደሩ አንድ ሳምንት የሳቀበት ድስት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የራስሽ አይደል እንዴ?» አለቻት። «ያንቺ ነው እትዬ። ለእሑዱ እንግዳ ትልቅ ድስት ያስፈልግሻል» አለችና መሬት ላይ አስቀምጣው ሄደች። ቁርስ ቅመሺ እስክትባል እንኳ አልቆየችም። ብርቄ ከኋላዋ ጥቂት አየቻት። ሐዘን ሰውን ያዘነጋል አለች በልቧ፤ ኢያሱ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ ከሞተ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ድስቱን መደርደሪያው ላይ አኖረችና ወደ ፀጉሯ ተመለሰች። በሁለት ሰዓት ቀበሌ መድረስ ነበረባት።

ብርቄን በቦንጋ የላይኛው ሰፈር የማያውቃት የለም። ክትባት ሲመጣ ቤት ለቤት የምታዞር እሷ ናት፣ ምጥ ሲጠና አምቡላንስ የምትጠራ እሷ ናት፤ ካፊኖኖ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው፣ አማርኛውን ደግሞ ከቢሮ ሰው ጋር ተከራክራ ተምራዋለች። ስለዚህም የአእምሮ ጤና ጥናት የሚባለው ሲመጣ፣ መንገድ መሪና አስተርጓሚ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ስሟን ጠራ። ጥናቱ በአገሩ ሁሉ የሚደረግ ነው። ከመቶ ሰው ስንቱን ጭንቀት ይዞታል፣ ስንቱ እንቅልፍ አጥቷል፣ ስንቱ ሆድ ብሶት ይውላል፣ ያ እንዲታወቅ ነው። ትናንት ግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጥተዋታል። ሰው የተናገረውን እንዳለ አስተርጉሚ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ አሏት። የዘመድ ቤት ከደረሰሽ ተናገሪ፣ ሌላ አስተርጓሚ እንተካለን አሏት። ብርቄ ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች፤ ለቢሮ ሰው ራስ መነቅነቅ ዋጋ አያስከፍልም።

ጠያቂዋ ሄርሜላ ከሐዋሳ የመጣች፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ታብሌቷን ከዝናብ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ጫማዋን የቦንጋ ጭቃ እስከ ግማሹ ውጦት፣ ቀበሌው በር ላይ ጠበቀቻት። የቤቶቹ ዝርዝር ከበላይ በዕጣ ወጥቶ የመጣ ነው። ጥያቄው ሃያ ነው። በመጀመሪያው ቤት ያሉት እናት፣ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ «የምግብ ፍላጎትስ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሄርሜላ ጣቷን ታብሌቱ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ «እትዬ ብርቄ፣ ይሄ አዎ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ጠየቀች። «ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ጻፊ» አለቻት ብርቄ። በሁለተኛው ቤት ያለው ሰውዬ ደግሞ ለሃያውም አዎ አለ። እጅዎ ይንቀጠቀጣል? አዎ። ያለቅሳሉ? አዎ፣ በጣም። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ዱቄቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አለ። ዱቄት የለም ሲሉት ቅር ብሎት፣ «እንግዲያው መልሳችሁ ጠይቁኝ» አላቸው። ሄርሜላ ከግቢው እስክትወጣ ሳቋን ያዘችው።

በሦስተኛው ቤት ግን አንዲት አሮጊት በካፊኖኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ የጣሪያውን ሚስማር ስቆጥር አድራለሁ፣ ሲነጋ ለምን ነጋ ብዬ አዝናለሁ አሉ። ብርቄም ለሄርሜላ፣ «አንዳንዴ እንቅልፍ ያስቸግራቸዋል» ብላ አስተረጎመች። ክፉ ልብ ኖሯት አይደለም። የጎረቤት ገበና ይሸፈናል እንጂ ከሐዋሳ ለመጣች ልጅ አይዘረገፍም፤ አሮጊቷ ነገም ከነገ ወዲያም በዚያ መንደር ይኖራሉ። ደግሞ ሌላም ፍርሃት ነበራት። ወደሚቀጥለው ቤት ሲወርዱ፣ «ልጄ፣ ይሄ ቁጥር ሲወጣ የቦንጋ ስም አብሮ ይወጣል?» ብላ ጠየቀች።

«ለብቻው አይወጣም፤ ከአገሩ ሁሉ ጋር ይደመራል።»

«ታዲያ በልጠን ብንገኝስ? የቡና አገር ስንባል ኖረን የጭንቀት አገር ልንባል?»

«ውድድር እኮ አይደለም እትዬ» አለች ሄርሜላ፣ ጭቃውን ለመዝለል ቀሚሷን ሰብስባ። «ይልቅ ካነስን ነው የሚጎዳው። ሁሉም ደህና ነኝ ካለ፣ ደህና ናቸው ተብሎ ይታለፋል። ባለሙያም አይመደብም፣ መድኃኒትም አይላክም።» ብርቄ ቀድማ ቁልቁል ወረደች። ወጣት የተማረው ብዙ ነው፣ የኖረው ጥቂት ነው ብላ አሰበች።

የብርቄ ሐሳብ እሑድ ላይ ነበር። ልጇ ዝማሬን ለትዳር ሊጠይቁ ከዋጫ ከተማ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም የተከበረ ቡና ነጋዴ ነው፤ ግን አባትየው ጠያቂ ነው ይባላል። ሰባት ቤት ይቆጥራል። በዘራችሁ የሚጥለው አለ ወይ፣ አእምሮው የተነካ አለ ወይ ብሎ ጎረቤት ሳይቀር ያስጠይቃል ይላሉ። ይህን እያወጣች እያወረደች ሳለ፣ ሄርሜላ ታብሌቱን አይታ፣ «አሁን ደግሞ በዝርዝሩ ዐሥራ አራተኛው ቤት፣ የወይዘሮ ኑኃሚን» አለች። ብርቄ ቆመች። እህቴ ናት ማለት የነበረባት ያኔ ነው። ያን ብትል ሌላ አስተርጓሚ ይመጣል፤ ምናልባት የሽማግሌዎቹ ዘመድ፣ ምናልባት አፉ የማያርፍ ሰው። «በዚህ በኩል ነው» ብላ መራቻት።

የኑኃሚን ቤት በጣም ጸድቶ ነበር። ያ ጽዳት አንድ ነገር ሊነግራት ይገባ ነበር፤ ብርቄ ግን፣ ጎሽ፣ ተነሥታ ቤቷን ማየት ጀመረች ብላ ደስ አላት። የኢያሱ ካፖርት የሚንጠለጠልበት ሚስማር ባዶ ነው። መደርደሪያው ላይ አንድ ብርጭቆና አንድ ሳህን ብቻ አለ። ከአልጋው ራስጌ ተደግፎ የኖረው፣ ኢያሱ ጎንጉኖ ጨርሶ ሳይሰቅለው የሞተው አዲስ ቀፎም የለም። ኑኃሚን ለእንግዳዋ በርጩማ አቀረበች፣ ራሷ መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ እህቷን ግን እንደማታውቃት ሁሉ «ይቀመጡ» አለቻት። ብርቄ ደነገጠችም፣ እፎይም አለች፤ ዘመድነታቸው አልወጣም። ኑኃሚን ቅቤና ማር ገበያ አውጥታ ስትሸጥ የኖረች፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ ስትከራከር አንደኛ የሆነች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ለጥያቄው ሁሉ በካፊኖኖ መለሰች። ሰው ከባዱን ዕቃ የሚያወርደው በእናቱ ቋንቋ ነው። እንቅልፍ የለኝም አለች። እህል አፈር አፈር ይለኛል አለች። ለሰው አልጠቅምም፣ ሸክም ነኝ አለች። ብርቄ እያንዳንዱን በጥቂቱ እየከረከመች አሳለፈች፤ ወር ሲገባደድ ትንሽ ይደክማታል፣ ምግብ ትንሽ ቀንሳለች እያለች።

ዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሄርሜላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚህ አንድ ወር ውስጥ፣ ከመኖር መሞት ይሻለኛል ብለው፣ ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብርቄ ጥያቄውን ወደ ካፊኖኖ መለሰችው። ምላሷ ሲያሳጥረው ተሰማት። ኑኃሚን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ፣ በዚያው ቋንቋ፣ «አዎ። በየቀኑ። አሁን ግን ቀለል ብሎኛል» አለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መጣል ጀመረ። ሄርሜላ ጣቷን አንሥታ ጠበቀች። ብርቄ ዝማሬን አሰበች፤ እሑድን አሰበች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያልተነገረ ነገር ያልሆነ ነገር ነው የሚለው የኖረ ልማዷ ቀደማት። «የለም ትላለች» አለች።

ኑኃሚን ቀና ብላ አየቻት። ንዴት አልነበረበትም፤ ሲጠብቁት የነበረ አውቶቡስ ሳይቆም ሲያልፍ የሚያይ ሰው ዓይን ነበር። ለቀሩት ሦስት ጥያቄዎች አስተርጓሚ አልጠበቀችም። በጠራ አማርኛ ራሷ፣ «የለም» አለች። «የለም።» «የለም።» እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው፤ ሲሰነባበቱም ብርቄን፣ «እግዜር ያክብርልኝ፣ ደክመሻል» አለቻት፣ የእህትነቱ ድምፅ ለአፍታ ተመልሶ።

ዝናቡ ሲጠና አብዱ ሱቅ ተጠለሉ። አብዱ ሻይም ያፈላል፣ ስኳር ሲወደድ ደግሞ የሻዩን ዋጋ በአምስት ብር ያነሣና ጥፋቱን በመንግሥት ላይ ያደርጋል። ኢንተርኔት በሱቁ ደጃፍ፣ በግራ በኩል፣ ክንድ ከተዘረጋ ይገኛል፤ ሄርሜላ ክንዷን ዘርግታ የጠዋቱን መልስ ሁሉ ላከች። አብዱ ጥግ ላይ የቆመ ጥቁር ጃንጥላ እያሳየ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ያቺ እህትሽ ግን ደግ ናት» አለ። «ጠዋት ጃንጥላህን ልመልስ ብላ መጣች። እኔ ለማንም ያዋስኩት ጃንጥላ የለም። ግን ሰማዩን አየሁና፣ አላህ ሲሰጥ ለምን እከራከራለሁ ብዬ ተቀበልኩ።» ሳቀ። ሄርሜላ ሻዩን እያማሰለች፣ «እህትም አለዎት እንዴ እዚህ?» አለች። ብርቄ «አለችኝ» አለችና ሻዩን ትኩሱን ጠጣችው፤ ጉሮሮዋ ተቃጠለ። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ድስቱ ትዝ አላት። ድስቱንና ጃንጥላውን በልቧ ጎን ለጎን አደረገቻቸው፤ ግን ገና አልገጠሙላትም፤ ወይም እንዲገጥሙ አልፈለገችም።

የሚቀጥለው ቤት የጋሽ አባተ ነበር። ጋሽ አባተ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ገና ሲገቡ፣ «ማስተርጎም አያስፈልግም፣ ብርቄ። አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ሃያውን ጥያቄ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠው መለሱ። እንቅልፍ? «የለም።» ያለቅሳሉ? «አዎ፣ ዜና ሰዓት ላይ፤ ቴሌቪዥኑ ስለሚጮህ አይሰማም።» ደስታ? «አሁንም ማታ ማታ ሁለት ብርጭቆ አወጣለሁ፤ አንዱን መልሼ ሳስገባ ነው ደስታዬ የሚሄደው።» ስለ መሞት ሲጠየቁ ጥቂት አስበው፣ «አምና አስቤ ነበር። ዘንድሮ አላሰብኩም። ሁለቱንም ጻፊው» አሉ። ብርቄ አጎንብሳ አዳመጠች። አንድ የተከበረ ሰው፣ ግማሽ የቦንጋን ሰው ፊደል ያስቆጠረ፣ ይህን ሁሉ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ጣሪያውም አልወደቀም። ሄርሜላ አመስግና ስትነሣ፣ ሽማግሌው በበሩ በኩል በረንዳው ላይ የተቀመጠ አዲስ ቀፎ በእጃቸው አመለከቱ።

«እህትሽ ዛሬ ይህን አመጣችልኝ። የእርስዎ ነው ብላ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዛፍ ልወጣ ነው? አልቀበልም ስላት አስቀምጣው ሄደች።» ወደ እሷ ዞሩ። «ብርቄ፣ ሰው ዕቃ የሚመልሰው አገር ሲለቅ ነው። ኑኃሚን ወዴት ልትሄድ ነው?»

ብርቄ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሣች አላወቀችም። ነጠላዋ በርጩማው ላይ ቀረ። ከግቢው ወጥታ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ነው ሄርሜላ የደረሰችባትና ክንዷን የያዘቻት። «ዋሽቻለሁ» አለች ብርቄ፣ ሳትቆም። «ያቺ ዐሥራ አራተኛዋ ቤት፣ ኑኃሚን፣ የእናቴ ልጅ ናት። አዎ ነው ያለችሽ። በየቀኑ አለች። እኔ ነኝ የለም ያልኩት።» ሄርሜላ ፊቷ አመድ መሰለ። መልሱ ተልኳል፣ ከእጄ ወጥቷል አለች። ያን ጥያቄ አዎ የሚል ሰው ሲገኝ ጥያቄው ሁሉ ቆሞ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይተው፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ መጠራት ነበረባት። ይህን እየሮጠች፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ግማሹን ለብርቄ ግማሹን ለባለሙያዋ ተናገረች። ከአብዱ ሱቅ ፊት ሲያልፉ አብዱ ሁለት ሴቶች በዝናብ ሲሮጡ አየ፤ ምንም አልጠየቀም፤ ሱቁን ለደንበኛው ጥሎ ጃንጥላውን ይዞ ተከተለ።

ኑኃሚን መደቡ ላይ፣ ትተዋት በሄዱበት ቦታ፣ ተቀምጣ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳለች። ብርቄ ከደጃፉ ጀምራ በጉልበቷ ሄዳ ነው እህቷ እግር ሥር የደረሰችው። ለብዙ ምጥ የደረሰች፣ ለቅሶ ቤት ቃል የማይጠፋት ሴት፣ ያን ጊዜ የምትለው ጠፋት። ያገኘችው ያንኑ ጥያቄ ነው። በእናታቸው ቋንቋ፣ ሳታሳጥር፣ ጠየቀቻት። ኑኃሚንም፣ «ጠዋት መለስኩልሽ እኮ» አለች።

«ሰምቼሻለሁ። ሰምቼሽ ነው የዋሸሁት።»

«አውቃለሁ። ለዝማሬ ብለሽ ነው። ልክ ነሽ አልኩ፤ ለሁሉም ሸክም መሆኔ ይኸው ነው አልኩ።»

«ሸክም እኔ ነኝ» አለች ብርቄ። «እኔ ነኝ አንቺን ሳላይ ቤት ለቤት የዞርኩ።» ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን፣ ለባሏም ያልነገረችውን ተናገረች። ኢያሱ ከሞተ ጀምሮ እሷም ሌሊት ትነሣለች፤ ደረቷ ሲጠብ በሩን ከፍታ ትቆማለች፤ በማግስቱ ሥራ እያበዛች ትሸሸዋለች። ዕጣው በኔ ቤት ቢወጣ ኖሮ ስንት አዎ ይወጣኝ ነበር አለች። ኑኃሚን ሰማቻት። እጇ ከጉልበቷ ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ የታላቅ እህቷ እርጥብ ፀጉር ላይ አረፈ፤ ግማሹ ተፈትቶ ነበር።  ሄርሜላ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቋንቋው አልገባትም፤ አስተርጓሚም አልፈለገችም።

ወደ ጤና ጣቢያ አራት ሆነው በአንድ ጃንጥላ ሄዱ። አብዱ ውጭ ውጭውን ዝናቡን እየበላ ጃንጥላውን ኑኃሚን ላይ ያዘው። «ይሄ ያንቺ ነው፣ እኔ ባለአደራ ነኝ» አላት፤ «ሁለተኛ እኔ ዘንድ እንዳታመጪው፣ ደንበኛ ሁሉ ይዋስብኛል።» ባለሙያዋ በር ዘግታ ብዙ ጊዜ አነጋገረቻት። ስትወጣ ለብርቄ፣ ለጊዜው ብቻዋን እንዳታድር፣ ዓርብ ተመልሳ እንድትመጣ፣ ይህ ሕመም እንደሆነና እንደሚታከም ነገረቻት። ሄርሜላ በዚያው በር ላይ ተሰናበተች። የተላከውን መልስ እንዲያርሙት ለአስተባባሪዋ እደውላለሁ፣ ያርሙት አያርሙት ግን አላውቅም አለች። እንግዲህ ያ የለም የሚለው ቃል በአገሩ ቁጥር ውስጥ ተደምሮ ቀርቶ ይሆናል። ብርቄ እስከ ዛሬ ሲነሣባት ዓይኗን ትሰብራለች።

ኑኃሚን በዚያ ቀን እህቷ ቤት ገባች፤ በጓሮ በር፣ እንደ ወትሮዋ። ገና አልመሸም። ዝማሬ አክስቷን ደረቅ ልብስ አለበሰቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ኑኃሚን ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ባለው ድስት ላይ ነበር። «እሑድ ሽማግሌው ስለ እኔ ቢጠይቅስ?» አለች። ብርቄ እጇን ከምታጥበው ዕቃ አወጣች። «እህቴ ታማ ነበር፣ ሐኪም እያያት ነው እለዋለሁ። ይህን ሰምቶ የሚመለስ ከሆነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ ለዝማሬም አይሆናትም።» ዝማሬ ቀና ሳትል፣ «አይሆነኝም» አለች።

ብርቄ ድስቱን አወረደችው። ጠዋት እንደነበረው ነጭ ነው፤ ሁለት ፊት አብሮ ታየበት። ኑኃሚን ጭን ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም ድስቱ ጆሮ ላይ አደረገችላት።

«ያንቺ ነው» አለቻት። «ግን ለእሑድ አውሺኝ። ሰኞ አጥቤ እመልስልሻለሁ። የምትቀበይኝ ራስሽ ነሽ፤ ለጎረቤት አልሰጥም።»

ኑኃሚን ድስቱን አገላበጠችው። በአውራ ጣቷ፣ ኢያሱ በጭኑ ታቅፎ ሲመጣ አውቶቡሱ ውስጥ የጎደጎደችውን ትንሽ ስርጉድ ፈልጋ አገኘቻት። ከዚያ ድስቱን ለእህቷ አቀበለቻት።

«ሰኞ በስንት ሰዓት?» አለች።